የእማማ ወለል ወደ እኛ ሳሎን ሲመጣ፦ ያገለገለ የጥድ ጣውላ ታሪክ

ነገሩ የጀመረው በሶፋ እግር ነው። ሐምሌ ላይ፣ ዝናቡ ሳያባራ በሰነበተበት ሳምንት፣ እንግዳ ተቀምጦ ሳለ የሶፋው የኋላ እግር ወለሉን በስቶ ወረደ። እንግዳው ምንም አልሆነም። እናቴ ግን በሀፍረት ልትሞት ነበር። «ቤቱ አረጀ በቃ» አለች። እኔም አመንኳት።

ቤታችን ጉለሌ ነው። ከድንጋይ መሠረት ላይ የተነሳ ጭቃ ቤት ነው። ሳሎኑ 4 በ4.5 ሜትር ነው፣ 18 ካሬ ማለት ነው። ወለሉ ጣውላ ነው። እናቴ ሰም ትቀባዋለች፣ እኛ ልጆቹ ደግሞ ቅዳሜ ቅዳሜ በካልሲ እየተንሸራተትን እናሸው ነበር። አሁን ሳስበው ጨዋታ መስሎን ነው እንጂ ሥራ ነበር ያሠራችን።

ያንን ወለል ከሌላ ቤት በተነቀለ ጣውላ ተካነው። እኔ አናጢ አይደለሁም። ግን ከነሐሴ እስከ ታኅሣሥ ከአናጢው ስር ስር ስል ስለከረምኩ፣ ስንቱ እንጨት እንደተረፈ፣ ስንቱ እንደባከነና የት የት እንደተሳሳትን ጽፌ ይዣለሁ።

ከስር የነበረው

አናጢያችን በዕድሜ የገፉ ሰው ናቸው። ጋሼ ነው የምላቸው። መጡ፣ ተንበረከኩ፣ ሦስት ጣውላ አነሱ፣ እጃቸውን ወደ ውስጥ ሰደዱ። ሲያወጡት ጭቃ የመሰለ ነገር ይዘው ወጡ። ጭቃ አይደለም። ጣውላውን ይሸከም የነበረው አግዳሚ ነው።

«ይሄ አላረጀም ልጄ» አሉኝ። «ታፍኖ ነው የሞተው።»

ከዚያ ወደ ውጭ ወጡና በግድግዳው ዙሪያ መዞር ጀመሩ። አንድ ነገር ይፈልጋሉ። የድሮ ሰዎች የጣውላ ወለል ሲሠሩ በድንጋይ መሠረቱ ላይ ትንንሽ ቀዳዳ ይተዉ ነበር። አየር በአንዱ ገብቶ በሌላው ይወጣል። ከመሬት የሚነሳው እርጥበት አብሮ ይወጣል። የእኛ ቤት ሦስት ነበረው። ሁለቱ የሉም። ከአራት ዓመት በፊት ግቢውን ሲሚንቶ ስናስደርግ የግቢው ከፍታ ጨመረና ቀዳዳዎቹ ስር ቀሩ። ሦስተኛውን በአይጥ ምክንያት በሲሚንቶ የደፈንኩት እኔ ነኝ። በገዛ እጄ። እንዲያውም ጎበዝ ተብዬ ነበር።

እንጨት ውስጡ ያለው እርጥበት ከ20 በመቶ በታች እስከሆነ ድረስ አይበሰብስም። የሚያበሰብሰው ሻጋታ ውሃ ይፈልጋል። የእኛ አግዳሚዎች አራት ክረምት ሙሉ በታሸገ ጨለማ ውስጥ ከእርጥብ አፈር በላይ ተኝተው ከረሙ። ከዚያ በፊት ግን ስንት አሥር ዓመት ቀጥ ብለው ኖረዋል። ስለዚህ ጥያቄው «አዲስ ጣውላ ከየት ይምጣ?» ብቻ አልነበረም። ያንኑ ጉድጓድ ሳናስተካክል የወርቅ ጣውላ ብናነጥፍ ከአራት ክረምት በኋላ ሌላ የሶፋ እግር ይወርዳል።

ሴራሚክ ይሁን ያልኩትም እኔ ነኝ። በአራት ቀን ያልቅ ነበር። እናቴ «ቁርጥማቴን ልታባብስብኝ ነው?» አለችና ነገሩ እዚያው ሞተ። ጉለሌ በጥር ሌሊት ሴራሚክ በባዶ እግር የረገጠ ሰው ይፈርዳታል።

የእማማ ቤት

በዚሁ ሰሞን የእናቴ አክስት ቤት ለመንገድ ማስፋፊያ ሊፈርስ ነበር። እማማ እንላቸዋለን። ቤቱ ከጣሊያን በፊት የተሠራ ነው ይላሉ። ምትክ ቤት አግኝተው ዕቃቸውን አውጥተዋል። የቀረው ቤቱ ብቻ ነው። አፍራሾቹ ቆርቆሮውንና በሩን ተስማምተው ገዝተዋል። ወለሉን ግን በዲጂኖ ገነጣጥለው ለማገዶ ሊሸጡት ነበር።

ጋሼ አብረውኝ ሄዱ። ከአንዱ ጣውላ ጥግ በመላጊያ ጫፍ ትንሽ ላጥ አደረጉና አፍንጫዬ ስር አስጠጉት። ጥድ። የቤተክርስቲያን ግቢ ሽታ አለው። ከላይ በሰም ጠቁሯል፣ ውስጡ ግን ወደ ሐምራዊ የሚያደላ ቀይ ነው። ስፋቱ 15 ሳንቲም፣ ውፍረቱ 25 ሚሊ። በፈረንጅ አገር የዚህን የሐበሻ ጥድ እንጨት ለመጻፊያ እርሳስ ይፈልጉት ነበር። ለስላሳና ሳይሰነጠር የሚቀረጽ ስለሆነ ነው። እኛ ደግሞ ለአጥርና ለቤት ምሰሶ እንወደዋለን፣ ምክንያቱም ምስጥ ውስጡን አይደፍረውም።

«ውስጡን» የሚለውን ልብ በሉ። ዳር ዳሩ፣ ነጣ ያለው ክፍል፣ እንደማንኛውም እንጨት ይበላል። የእማማን ቤት አግዳሚዎች ስናይ ይህ በደንብ ታየን። ነጩ ክፍል እንደ ወንፊት ተቦርቡሯል፣ ቀዩ ላይ ሲደርስ ምስጡ ቆሟል። የአንዱ ክፍል በር አካባቢ በኋላ ዘመን የተተካ ዝግባ ነበር። ዝግባ ገረጣ ያለ ነው፣ ሽታም የለውም። እሱ እስከ ልቡ ተበልቷል።

ዛሬ እንዲህ ያለ የጥድ ጣውላ ከገበያ ልግዛ ብትሉ ብዙ ጊዜ የሚሸጥላችሁ የፈረንጅ ጥድ ነው። መጥፎ እንጨት አይደለም፣ ግን ሌላ ዛፍ ነው። የሐበሻ ጥድ ቀስ ብሎ ነው የሚያድገው። የደን አዋጅ ቁጥር 94/1986 ጥድን፣ ዝግባን፣ ኮሶንና ዋንዛን በስም ጠርቶ ከመንግሥት ደን እንዳይቆረጡ ከልክሎ ነበር። ስለዚህ ያረጀ ቤት ውስጥ ያለው ጥድ በገንዘብ እንኳ በቀላሉ የማይተካ ነው። አሜሪካ ውስጥ የፖርትላንድ ከተማ እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ በጣም ያረጁ መኖሪያ ቤቶች በማሽን እንዳይጨፈለቁ፣ በእጅ እየተፈቱ እንጨታቸው እንዲተርፍ ደንብ አውጥቶ ያስገድዳል። እኛ ጋ ይህን ሥራ ያለ ደንብ የሚሠሩት ቆራሌውና ምናለሽ ተራ ናቸው። የእማማን ወለል ግን ማገዶ ቤት ሊቀድማቸው ነበር።

ለአፍራሾቹ የማገዶውን ዋጋ ከፍለን ሁለት ቀን አስፈቀድን።

መንቀሉ ትዕግሥት ይፈልጋል። መጀመሪያ ዞኮሎውን፣ በግድግዳው ግርጌ የሚዞረውን ጠባብ እንጨት፣ በዙሪያው አነሳን። ከዚያ ከግድግዳ ዳር ያለውን የመጀመሪያ ጣውላ ሠዋነው። ሰንጥቀን አወጣነው ማለት ነው። እሱ ካልተሠዋ ሌላው አይወጣም። ቀጥሎ ያለውን ሁሉ ከስር፣ አግዳሚው ላይ ሚስማር በተመታበት ቦታ ብቻ፣ ቀስ እያልን አነሳን። መሀሉ ላይ ከተነሳ ይሰነጠቃል። እኔ በመጀመሪያው ሰዓት አራት ሰነጠቅኩ። ጋሼ ምንም አላሉም። መንቀያውን ከእጄ ወስደው ሚስማር የማውጣት ሥራ ሰጡኝ።

ሚስማር ማውጣት የዝቅተኛ ሠራተኛ ሥራ ይመስላል። በኋላ ግን የመጣው ጣጣ ሁሉ የመጣው ከእሱ ነው።

ከ34 ካሬ ስንት ቀረ?

የእማማ ሁለት ክፍል ወለል ሲለካ 34 ካሬ ነበር። እኛ የምንፈልገው 18 ነው። እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረውም ብለን ተደሰትን። በአንድ አይሱዙ ጭነን ስንሄድ ለጎረቤት የሚተርፍ መስሎኝ ቃል ሁሉ ገብቼ ነበር።

በመጀመሪያው ምርጫ የተሰነጠቀና ጫፉ የበሰበሰ 3.5 ካሬ ወጣ። ቀጥሎ ደግሞ ያላሰብነው ነገር መጣ። ከጓዳው ወለል የተነቀሉ ጥቂት ጣውላዎች ጀርባቸው ጥቁር ነው፣ ይሸታሉ። የእማማ ባል፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ለምስጥ ብለው የተቃጠለ የሞተር ዘይት አስቀብተዋቸው ነበር። ዘይቱ ወደ ውስጥ ጠልቋል። ብንልገው ብንልገው አይለቅም። እንዲህ ያለ እንጨት ላይ ሰምም ቫርኒሽም አይዝም፣ ሲሞቅም ሽታው ቤቱን ይሞላል። 1.5 ካሬ ተጣለ። ለማገዶም አላዋልነውም፣ ጭሱ ጤና አይደለም።

ሦስተኛው ቀለም የተቀባው ነው። ከመኝታ ቤቱ 4 ካሬ ያህል ጣውላ በቡናማ ዘይት ቀለም ተሸፍኗል። እዚህ ላይ ከጋሼ ጋር ተጣላን ማለት ይቻላል። እሳቸው «ፒያላ (የእንጨት መላጊያ ማሽን) አንዴ ቢያልፍበት ይጸዳል» አሉ። ልክ ናቸው፣ ይጸዳል። ግን የድሮ ዘይት ቀለም ውስጥ እርሳስ (ሌድ የሚባለው መርዛማ ብረት) ሊኖር ይችላል። ኢትዮጵያ በቀለም ውስጥ የሚፈቀደውን እርሳስ ከአንድ ሚሊዮን እጅ 90 እጅ ላይ የገደበችው ገና እ.ኤ.አ. በ2018 ነው። ይህ ቀለም ከዚያ በአሥርት ዓመታት ይቀድማል። ማሽን ሲልገው አቧራ ይሆናል። አቧራው በሠራተኛው ሳንባና በእህቴ ልጆች እጅ ላይ ያርፋል። ማስመርመሪያ አልነበረንም። ስለዚህ እርሳስ አለው ብለን ቆጠርነውና ለየነው። ጋሼ ለሁለት ቀን ፊታቸውን አጠቆሩብኝ። ጥሩ ጣውላ ነበር፣ እኔም አዝኜበታለሁ።

25 ካሬ ቀረ።

የድሮው ጣውላ እርስ በርሱ እንዲገጣጠም በአንዱ ጎኑ ምላስ፣ በሌላው ጎኑ ቦይ ነበረው። ሲነቀል የብዙው ምላስ ተሰብሯል። ስለዚህ ጎንና ጎኑን በመጋዝ አስተካክሎ እንደ አዲስ ምላስና ቦይ ማውጣት ግድ ነበር። ከ15 ሳንቲም ወደ 13 ወረደ። ሁለት ሳንቲም ምንም አይመስልም፣ አይደል? በ25 ካሬ ላይ ስታሰሉት ከ3 ካሬ በላይ መጋዝ በላው ማለት ነው። 21.7 ቀረ። ጥግ ጥግ ላይ ተቆርጦ የሚጣለው ወደ 10 በመቶ ይደርሳል። ሳሎኑ ሲያልቅ የተረፈን ሁለት ካሬ የማይሞላ ነው። ለጎረቤት የገባሁትን ቃል በልቻለሁ።

ስለዚህ ያገለገለ ጣውላ ለማንጠፍ የሚያስብ ሰው የክፍሉን ስፋት እጥፍ ይፈልግ። የኛ ልምድ እሱ ነው።

ሚስማሩ

የእንጨት ሥራ ቤት ባለቤቶች ያገለገለ ጣውላ ሲያዩ ፊታቸው ይቀየራል። ሁለቱ አይሆንም አሉን። ሦስተኛው «ሚስማር ካገኘሁ የቢላዋው መሳያ ዋጋ በእናንተ ነው» ብሎ ተስማማ። ልክ ነው። የፒያላ ቢላዋ አንድ ሚስማር ካገኘ ይሸረፋል፣ ከዚያ በኋላ የሚያልፈው እንጨት ሁሉ መስመር ይዞ ይወጣል።

እኔ ሁሉንም አውጥቻለሁ ብዬ ነበር። የድሮ ሚስማር ግን ዝጎ ቆቡ ሲነቀል አካሉ ውስጥ ይቀራል። ከላይ ትንሽ ጥቁር ነጠብጣብ ብቻ ነው የሚታየው። አሥራ አንደኛው ጣውላ ላይ ማሽኑ ጮኸ።

የመሳያውን ዋጋ ከፈልን። ከዚያ በኋላ ጋሼ ከተበላሸ ስፒከር ያወጡትን ማግኔት በክር አንጠልጥለው እያንዳንዱን ጣውላ ከላይ እስከ ታች ሄዱበት። ማግኔቱ ሲወዛወዝ ምልክት ያደርጋሉ፣ እኔ ከጀርባ በመምቻ አስወጣለሁ። አሥራ ዘጠኝ ተጨማሪ ሚስማር አገኘን። በመጀመሪያው ቀን ይህን ብናደርግ ኖሮ…

ሰባት ሳምንት መጠበቅ

ጣውላው ከፒያላ ሲመለስ መስከረም ገባ። ጋሼ ወዲያው እናንጥፍ አሉ። «ዘጠና ዓመት የደረቀ እንጨት ምን ይጠበቃል?»

ይህ በብዙ ሰው ዘንድ ያለ ሐሳብ ነው። ያረጀ እንጨት የደረቀ ነው ይባላል። እንጨት ግን በየዓመቱ ከአየር ይጠጣል፣ በየዓመቱ ይለቃል። አየሩ 70 በመቶ እርጥበት ሲይዝ እንጨት ወደ 13 በመቶ ያደርሳል። አየሩ ወደ 40 ሲወርድ እንጨቱ ከ8 በታች ይወርዳል። አዲስ አበባ ደግሞ ክረምቷና በጋዋ ሰማይና ምድር ናቸው። 13 ሳንቲም ስፋት ያለው ጣውላ በዚህ መካከል አንድ ሚሊ ወይም ከዚያ በላይ ሊጠብና ሊሰፋ ይችላል። አንድ ሚሊ በ30 ጣውላ ስታባዙት ሦስት ሳንቲም ነው። በክረምት ጠብቆ የተነጠፈ ወለል በጥር ዝርዝር ሳንቲም የሚያስገባ ክፍተት የሚከፍተው ለዚህ ነው።

ጣውላውን ራሱ ሳሎኑ ውስጥ፣ በየመካከሉ ቀጭን ሞራሌ (የእንጨት ዘንግ) እያስገባን ደረደርነው። የእርጥበት መለኪያ መሣሪያ የለንም። ሚዛን ግን አለ። አንድ 1.2 ሜትር የሆነ ጣውላ መርጬ በየእሑዱ መዘንኩት። መጀመሪያ ቀን 2 ኪሎ ከ750 ግራም። በአምስተኛው ሳምንት 2 ኪሎ ከ640። በስድስተኛው 2 ኪሎ ከ630። በሰባተኛው አልተነቃነቀም። እንጨቱ ከክፍሉ አየር ጋር ታረቀ ማለት ነው። ከ100 ግራም በላይ ውሃ ከአንዲት አጭር ጣውላ ወጣ። ጋሼ ሚዛኑን አይተው «ሰውዬው ፋርማሲስት ነው እንዴ» አሉ። ግን በሚቀጥለው ሥራቸው ሚዛን ይዘው እንደሄዱ ሰምቻለሁ።

ሥራው

ከላይ የሚታየውን ከመሥራታችን በፊት ከስር ስድስት ቀን ፈጀብን። ማንም እንግዳ አያየውም። ለእኔ ግን የዚህ ወለል ዋናው ሥራ እሱ ነው።

የበሰበሰውን አወጣን። የደፈንኩትን ቀዳዳ ራሴ በመሮ ከፈትኩ። በግቢው ሲሚንቶ የተቀበሩትን ሁለቱን ደግሞ ሲሚንቶውን ቆርጠን፣ ከፊታቸው ትንሽ ጉድጓድ ሠርተን አወጣናቸው። በአሜሪካ የቤት አሠራር ደንብ ከወለል ስር ለ150 ካሬ 1 ካሬ መተንፈሻ ይላል። ለ18 ካሬ ስናሰላው 1,200 ካሬ ሳንቲ ሜትር ይመጣል። የእኛ ቀዳዳዎች እያንዳንዳቸው 15 በ20 ናቸው። ሦስቱ 900 ነው፣ ስለዚህ አራተኛ ከፈትን። አራቱንም በጠንካራ ወንፊት ሽቦ ሸፈንናቸው። ለካ ለአይጥ ሲሚንቶ አያስፈልግም ነበር።

አፈሩ ላይ ወፍራም ላስቲክ አነጠፍን። ከእማማ ቤት ያመጣናቸውን የጥድ አግዳሚዎች፣ የተበላውን ነጭ ክፍል በመጥረቢያ አስወግደን፣ በየ40 ሳንቲሙ ደረደርን። ድንጋዩን በቀጥታ እንዳይነኩ በመካከላቸው ካትራሜ (ሬንጅ) የተቀባ ወረቀት ገባ። የጣራው ውሃ የሚወርድበትን የግቢ ጥግም ወደ ውጭ እንዲያዘነብል አስተካከልን። ከዚያ ነው ጣውላው የተነጠፈው፣ በኅዳር። በግድግዳው ዙሪያ 12 ሚሊ ባዶ ተውን፣ ክረምት ሲመጣ የሚያብጥበት። ዞኮሎው ይሸፍነዋል። ማንጠፉ አምስት ቀን ብቻ ፈጀ።

አንድ ጣውላ ላይ የሳንቲም ያህል ክብ ጥቁር ጠባሳ ነበረ። ጋሼ ሊጥሉት ሲሉ እናቴ ከለከለች። የቡና ከሰል የወደቀበት ነው። እማማ ቤት፣ እሷ ልጅ ሳለች፣ ያስወደቀችውም እሷ ናት። ተገርፋበታለች። አሁን ከሶፋው ፊት ለፊት ነው ያለው።

ማጠናቀቂያው ላይ ሌላ ስህተት ሠራን። እኔ ቫርኒሽ አልኩ። የጥድ እንጨት ቅባት አለው፣ አንዳንድ ቫርኒሽ እላዩ ላይ በቅጡ አይደርቅም። ይህን ያወቅሁት ከቀባሁ በኋላ ነው። በአራተኛው ቀን እንኳ ካልሲ ይይዝ ነበር። በብርጭቆ ወረቀት ሙሉውን ፈገፈግነው። ሦስት ቀን፣ አፍና አፍንጫችን ታስሮ። ከዚያ እናቴ ከመጀመሪያው ያለችው ሰም ተቀባ። «እኔማ ብያለሁ» አላለችም። ብሩሹን አምጥታ ብቻ ሰጠችኝ።

ወጪውና አንድ ክረምት

እውነቱን ልናገር። እንጨቱን ያገኘነው በማገዶ ዋጋ ነው። አይሱዙው፣ የእንጨት ሥራ ቤቱ፣ የቢላዋ መሳያው፣ የጋሼ ቀናት፣ ሰሙ፣ የባከነው ቫርኒሽ ሲደመር ግን ሴራሚክ ከነሠራተኛው ከሚያስወጣው ይበልጣል። ገንዘብ ለመቆጠብ ብላችሁ ይህን አትጀምሩ። ጊዜ ለሌለውም አይሆንም።

ክረምቱ መጥቶ አለፈ። የግድግዳው ክፍተት ከ12 ሚሊ ወደ 5 ጠበበ፣ መስኮት ስር ያለ አንድ ጣውላ ጫፉ ቀና ብሏል። በር አጠገብ ሁለት ጣውላ ይጮኻል። መስከረም ላይ አንድ ጣውላ አንስቼ ከስር ዳሰስኩ። አግዳሚው ደረቅ ነው።

የሚያሳስበኝ የምሥራቁ ቀዳዳ ነው። እናቴ ብርድ ይገባል ብላ ከፊቱ የጤና አዳም ጣሳ ታስቀምጣለች። እሑድ እሑድ አነሳዋለሁ። ሰኞ ስመለስ እዚያው ነው።